ጫጩቶቹ መጀመሪያ ግቢ የወጡ ቀን

ሐሙስ ጠዋት ከጫጩቶቹ ክፍል የሰማሁት ጩኸት የወትሮው አልነበረም። ጫጩት ሲርበውና ሲበርደው አጯጯሁ ይለያያል፤ አምስት ሳምንት አብሬያቸው ስከርም ሁለቱንም ለይቼ አውቄያለሁ። ይሄኛው ግን የአንዲት ብቻ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። የምሰፋውን ዩኒፎርም ከስፌት መኪናው ሥር ሳላወጣ ተነስቼ ሄድኩና በሩን ገፋ አደረግኩት። አንዲት ነጣ ያለች ጫጩት ጥግ ተሸጉጣለች። አምስት ስድስት እኩዮቿ ከበው ጀርባዋን ይጠቀጥቋታል። ገና ላባ እያወጣ ያለው ቆዳዋ ደምቷል፤ ደሙን ያዩ ሌሎች ደግሞ በሰጋቱራው ላይ እየሮጡ ይጨመራሉ።

አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኳት። ክፍሉ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ነበረው። መብራት ከሄደ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው አሉ። አምፖሉ ስለጠፋ በከሰል ምድጃ ነበር የማሞቃቸው። ብርዱን ፈርቼ መስኮቱን ስዘጋው ይታፈናሉ፣ የከሰሉን ጭስ ፈርቼ ስከፍተው ይንቀጠቀጣሉ። ትናንሽ ሆነው ሲመጡ ክፍሏ ሰፍታቸው ነበር፤ አሁን አድገው እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። መውጣት አለባቸው አልኩ በልቤ። ያልኩትን ራሴው ስሰማው ግን ፈራሁ።

የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ።

ቤታችን ቡራዩ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወደ ገፈርሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ። ባለቤቴ የሚሠራው ሱሉልታ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ሁለቱ ከተሞች ያን ያህል አይራራቁም፤ በታክሲ ግን አዲስ አበባን አቋርጦ መዞር ስለሆነ በየቀኑ መመላለስ አልቻለም። እዚያው ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፣ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል። የዶሮው ነገር የእሱ ሐሳብ ነው። አንድ ቀን ሱሉልታን ትቶ ከገዛ ደጁ ሳይርቅ ሠርቶ መኖር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

ዓምና አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ልክ እንቁላል ሊጥሉ ሲሉ ፈንግል ገባባቸውና በአራት ቀን አለቁ። ማክሰኞ ሁለቱን አንገታቸው ተጠማዝዞ አገኘኋቸው፤ ዓርብ ግቢው ጭር አለ። ባለቤቴ ቅዳሜ መጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ቀበራቸው፣ እጁን ታጥቦ ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ቤታችን ውስጥ የዶሮን ነገር ያነሳ ሰው የለም።

ዘንድሮ ባለቤቴ ሰበታ ውስጥ የአንድ ቀን ጫጩት የሚሸጥ ሰው እንዳለ ሰምቶ፣ ለእኔ ሳይነግረኝ ሄዶ ሃምሳ ጫጩት በካርቶን ይዞ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በቀዳዳው ትንፋሹን እየላከባቸው ነው ያመጣቸው። ሁለቱ በሳምንቱ ሞቱ፤ አርባ ስምንቱ ቀሩ። ክትባታቸውን ራሱ ነው በየዓይናቸው ጠብ ያደረገላቸው። ከሱሉልታ በደወለ ቁጥር ከእኔ ደህንነት በፊት የእነሱን ይጠይቃል። አልቀየመውም።

ከቤቱ ኋላ የሚውሉበትን አጥር የጀመረው እሱ ነው። የባህር ዛፍ አጣና ተክሎ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ አጠረው። በእኛ ሰፈር ጭልፊት ስለማይጠፋ ከላይም መረብ ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘው መረብ ግን ግማሹን ብቻ ሸፈነ። "ሌላውን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ" አለኝ። "ያኔ አብረን እናወጣቸዋለን። እኔ ሳልኖር እንዳታወጪያቸው፤ የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው።"

እሺ ብዬው ነበር።

ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የነበሩት አማቴ ናቸው። ከመንዝ የመጡት ለዓይናቸው ነው፤ የግራ ዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሐኪሙ እኔው ባለሁበት ነው የነገራቸው፤ ለአንድ ወር ጎንበስ እንዳይሉ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ዓይናቸውን ውሃ እንዳያስነኩ። አማቴና እኔ ተጣልተን አናውቅም፤ ተዋድደንም አናውቅም። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ "ሙሽራ" ነው የሚሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙሽራ መሆኔ አንዳንዴ ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ገና እንግዳ ነሽ የሚሉኝ ይመስለኛል።

በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የደማችውን ጫጩት ሳሳያቸው በደህናው ዓይናቸው ጠጋ ብለው አዩአት።

"ተባሉ ማለት ነው" አሉ።

"አዎ እማማ። ክፍሉ ጠቧቸዋል። ትንሽ ውጭውን ላሳያቸው ብዬ ነው።"

"ልጄ ቅዳሜ አይደለም ያለው?"

"እስከ ቅዳሜ እርስ በርስ ይጨራረሳሉ።"

"እነዚህ እኮ እናት የላቸውም" አሉ። "እኔ ቤት ይዛቸው የምትወጣው ዶሮዋ ናት። ጭልፊት ስታይ ትጮሃለች፣ ሁሉም ሥሯ ይገባሉ። ዝናብ ሲመጣ ክንፏን ትዘረጋላቸዋለች። እነዚህን ያሳደጋቸው አምፖል ነው። ሲጨንቃቸው ወዴት ይሮጣሉ?"

"እኔ አብሬያቸው እቆማለሁ።"

"አንቺን እናታችን ናት ይሉሻል?"

ክፋት ኖሮበት ይሁን እንዲያው ጥያቄ ይሁን አላወቅኩም። ግን ወጋኝ። እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። አማቴ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም፤ እኔ ግን በሆዳቸው ስንቴ እንዳነሱት ሁልጊዜ እገምታለሁ። ጫጩቶቹን ለማውጣት የቆረጥኩት እዚያች ቃል ላይ ይመስለኛል። ለጫጩቶቹ ብዬ ብቻ አልነበረም።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው፤ ማሽን ላይ ሲሆኑ ስልክ አይፈቀድላቸውም። ቆየት ብዬ፣ ለሻይ ሲወጣ ብደውል አገኘው ነበር። አልደወልኩም።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ዕድሜያቸው የገፋ የኦሮሞ ገበሬ ናቸው፤ እርሻቸው ሰፈር ከሆነ በኋላ ሁለት ላሞች ብቻ ቀርተዋቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ "አካኮ" ይላቸዋል፣ አያታችን እንደማለት ነው። የአጥሩን አጣና የቆረጡልን እሳቸው ናቸው። ሣር ተሸክመው ሲያልፉ መረቡን ሳስተካክል አዩኝ።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ" አሉኝ።

"ነጋ፣ ደህና። አካም ቡልተን፣ አካኮ?"

"ዛሬ ልታወጫቸው ነው? ልጁ መጣ እንዴ?"

"አልመጣም። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።"

ሸክማቸውን እንደያዙ ቀና ብለው ወደ ገፈርሳ አዩ። "በዚያ በኩል ጠቁሯል። ሚያዝያ ነው፣ አይታመንም። ቶሎ አስገቢያቸው።"

"ቶሌ፣ እሺ" አልኳቸው።

እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

አምስት ሰዓት አካባቢ ጀመርኩ። የደማችውን ወጥ ቤት ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኳትና ሌሎቹን አሥር አሥር አድርጌ በካርቶን አመላለስኳቸው። አጥሩ ውስጥ፣ በላይኛው ጥግ፣ ባለቤቴ ከጣውላ የሠራት ትንሽ ቤት አለች፤ ከታች ጠባብ በር፣ ከበሩ ወደ መሬት የሚያወርድ ጣውላ። ከላይ ክዳኗን ከፍቼ እዚያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ቤታቸው ያ መሆኑን አውቀው በራሳቸው እግር መውጣት አለባቸው ብሎኝ ነበር። ከዚያ በሯን ከፈትኩና አንድ ጥግ ቁጢጥ አልኩ።

ማንም አልወጣም። አርባ ሰባቱም በሩ ላይ ተጨናንቀው ብርሃኑን ያያሉ። ክፍላቸው ውስጥ አንዳች ሳይፈሩ እጄ ላይ የሚወጡት፣ አሁን አንገታቸውን አስግገው ድምፅ እንኳን አያሰሙም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እግሩ ረዘም ያለ አንድ ቀይ ጫጩት ከኋላ ተገፍቶ ጣውላው ላይ ወጣና ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወረደ። ሣሩን ሲረግጥ አንዱን እግሩን አነሳ፣ እንደገና አኖረው፣ ሌላውን አነሳ። ነፋስ መጥቶ ላባውን ሲነካው ተመልሶ ወደ ጣውላው ሮጠ። ከዚያ ጉንዳን አየ። ጉንዳኑን ተከትሎ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። ይህን ያዩ ሁለት ወረዱ፣ ቀጥሎ አምስት፤ ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም።

አንዷ መሃል ላይ ድንገት በጎኗ ወደቀች። አንገቷን አጠማዝዛ፣ ክንፏን እየመታች አፈሩ ላይ ትንፈራገጣለች። ዓምና ያየሁት ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። "እማማ" አልኩ። አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ አጥሩ መጥተው ቆመው ኖሯል።

"ምን ሆነሻል? አፈር እየታጠበች ነው" አሉኝ። "ገላዋን ሲበላት ነው እንዲህ የምታደርገው። ከጣውላ ወለል ወጥታ ገና ዛሬ አገኘችው፣ ምን ታድርግ።"

ጫጩቷ ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና ሄደች። አማቴ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ እኔ ግን አብሬያቸው አልሳቅኩም።

እኩለ ቀን ሲሆን ላስገባቸው አሰብኩ። ልክ ያኔ ሁሉም ባንዴ ጸጥ አሉ። የሚጭረው መጫሩን ተወ፣ የሚሮጠው ባለበት መሬት ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ነው ጥላው ሣሩ ላይ ሲያልፍ ያየሁት። ጭልፊቱ ዝቅ ብሎ ዞረና ከአጥሩ ማዶ ባህር ዛፍ ላይ አረፈ። አማቴ ዱላቸውን አንስተው ሽቦውን መታ መታ አደረጉ፤ ጭልፊቱ አንገቱን አዙሮ አያቸው እንጂ አልተነሳም።

መረብ የሌለበት ግማሽ እንደ አፍ ተከፍቶ ታየኝ። ሮጬ ቤት ገባሁና የአልጋ አንሶላ ይዤ ወጣሁ፤ አራቱን ጫፍ በሲባጎ ከአጣናዎቹ ጋር አሰርኩት። አማቴ አንሶላውን ሲያዩ "ይሄ ነገር ነፋስ አይችልም" አሉ። "ተዪው፣ አሁኑኑ አስገቢያቸው።"

"መጀመሪያ እሱ ይሂድ" አልኳቸው። ጭልፊቱን ማለቴ ነው። በሩ ጋ ስተራመስ ይወርድብኛል ብዬ ሰጋሁ። እንዲህ ብዬ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከኋላዬ ያለውን ሰማይ ዞር ብዬ አላየሁትም።

መጀመሪያ የመጣው ነፋሱ ነው። የባህር ዛፎቹ ጫፍ ባንድ ጊዜ ወደ እኛ አጎነበሰ፣ ጭልፊቱም ተነስቶ ሄደ። ስዞር ገፈርሳ በኩል ያለው ሰማይ እርሳስ መስሏል፤ የሩቅ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲንጓጉ ይሰማል። ጎንበስ ብዬ አጥሩ ውስጥ ገባሁና በሁለት እጄ ወደ ትንሿ ቤት እነዳቸው ጀመር። አሥር ያህሉ ገቡ። የቀሩት ግን በሩን አያውቁትም። በቤቷ ሥር ያልፋሉ፣ በጎኗ ይዞራሉ፣ በእግሬ መሃል ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ለአምስት ሳምንት በካርቶንና በእጅ ነው ከቦታ ቦታ የሄዱት፤ በር ማለት ምን እንደሆነ ያስተማራቸው የለም።

ከዚያ አንሶላው ተበጠሰ። ሁለቱ ማሰሪያ ለቀው ነፋሱ ወደ ውስጥ ገለበጠውና ከጫጩቶቹ በላይ ይራገፍ ጀመር። በሕይወታቸው ያላዩት ትልቅ ነጭ ክንፍ ነው የመሰላቸው። ሁሉም፣ ገብተው የነበሩትም ጭምር፣ እየተንጫጩ ወደ ታችኛው ጥግ ሮጡ። ቦታው ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃም የሚወርደው ወደዚያ ነው። እዚያ ሲደርሱ አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ፣ ሌላው በሌላው ላይ ወጣ። በረዶው ያኔ ወረደ።

ባቄላ የሚያህል በረዶ ነበር። እጄንና አንገቴን ሲመታኝ ያቃጥለኝ ነበር። ከክምሩ ላይ ሁለት አነሳሁና ወደ ቤቷ በር ወረወርኳቸው፤ ተመልሰው ወደ ክምሩ ሮጡ። ሌላ ሁለት አነሳሁ፣ እነሱም ተመለሱ። ከላይ ያሉት ይጮሃሉ። ያስፈራኝ ከሥር ምንም ድምፅ አለመኖሩ ነው።

"ሳፋ" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። አማቴ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ በአንድ እጃቸው ይዘው በጠባቡ መግቢያ እየገቡ ነው። ዱላቸውን ጥለዋል። በጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በክምሩ ላይ ዘረጉና በሁለት ክንዳቸው ከላይ ደገፉት። በረዶው ጀርባቸው ላይ ይዘንባል።

"ዓይንዎ" አልኳቸው። "ሐኪሙ..."

"ከሥር ጀምሪ" አሉኝ። "ከላይ ያሉት ይተነፍሳሉ። ከሥር ያሉትን አውጪ።"

እጄን ከጋቢው ሥር፣ ከሚራወጠው ሙቀት በታች ሰደድኩ። መሬቱ ላይ ያሉት እርጥብና ለስላሳ ነበሩ፤ በሕይወት ያለውንና የሌለውን በእጅ መለየት አይቻልም። ያገኘሁትን ሁሉ ሳፋው ውስጥ ጨመርኩ። ሳፋው ሲሞላ በቀሚሴ ሸፍኜ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ፣ ወለሉ ላይ ገልብጬው ተመለስኩ። ስመለስ አማቴ እንደተንበረከኩ ናቸው፤ ሻሻቸው ረጥቦ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል፣ ዓይናቸውን የሸፈነው ፋሻ በአንድ በኩል ለቆ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛ ሄድኩ። ሦስተኛ ሄድኩ። በአራተኛው ጊዜ ጋቢውን ሳነሳው ጥጉ ላይ ነጭ በረዶ ብቻ ነበር። አማቴን ከብብታቸው ይዤ አነሳኋቸው። ሰውነታቸው ቀላል ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ነክቻቸው አላውቅም ማለት ይቻላል፣ ከሰላምታ በስተቀር።

ወጥ ቤት ከሰል አቀጣጠልኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። አማቴ ለባለ ዩኒፎርሞቹ የቆረጥኩትን ሰማያዊ ጨርቅ አንስተው አንድ በአንድ ያደርቋቸው ጀመር። እኔ የማይንቀሳቀሱትን እየለየሁ ደረታቸውን በጣቴ አሻለሁ፣ አፋቸው ላይ እፍ እላለሁ። ሁለቱ እንደዚያ ሆነው ነቁ። አምስቱ አልነቁም። በረዶው አንዱንም አልገደለም፤ የሞቱት ወንድሞቻቸው ሥር ታፍነው ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የአማቴን ፊት አየሁ። ዓይናቸው ደም መስሏል።

"ያምዎታል?"

"አሸዋ የገባበት ይመስላል" አሉ። "ጠብታውን አምጪልኝና ጨምሪልኝ።"

ጨመርኩላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠብታዎች ጉንጫቸው ላይ ነው የወደቁት። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላቸው "ሰኞ ቀጠሮዬ አይደል፣ የባሰ ቢሆን ያመኝ ነበር" ብለው እምቢ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ደወለ። "እንዴት ናቸው?" አለኝ።

"ደህና ናቸው" አልኩት። አማቴ አጠገቤ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ምድጃው ዞሩ። ዓርብም ደወለ፣ ዓርብም ያንኑ አልኩት። መብራት መምጣቱን ነገርኩት፤ ያ እንኳን እውነት ነበር።

ቅዳሜ መረቡን ተሸክሞ ገባ። ሳይቀመጥ የጫጩቶቹን ክፍል ከፈተ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ጀርባውን አያለሁ። ለእሱ መቁጠር አያስፈልገውም፣ አንድ እይታ ይበቃዋል። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና መጣ።

"ሌሎቹስ?"

አፌን ከፈትኩ። ከመናገሬ በፊት አማቴ ከተቀመጡበት "እኔ ነኝ ያወጣኋቸው" አሉ። "እሷ ጨርቅ ልታደርስ ወጣ ብላ ነበር። ክፍሉ ሸተተኝ፣ አወጣኋቸው፣ በረዶ ደረሰብኝ። አምስት ሞቱ።"

ባለቤቴ ወደ እናቱ ቀረበና አገጫቸውን ይዞ ዓይናቸውን ወደ ብርሃን አዞረው። "በዚህ ዓይንሽ ነው በረዶ ውስጥ የገባሽው?" አለ። "እማዬ፣ ያን ሁሉ ተመላልሰን ያሳከምነው ለዚህ ነው? አትንኪያቸው ብዬሽ አልነበረም?" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻል ነበር። "እንግዲህ ሁለቱንም ነገር አበላሸሽ" አላቸውና ወጣ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን አማቴ ያልሆነውን ነገር እንዲህ አስተካክለው፣ የሄድኩበትን ሳይቀር ጨምረው ሲናገሩ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ድንጋጤው ሳይለቀኝ ደግሞ ወሬው አለፈ። ካለፈ በኋላ ዝምታዬ ውሸት ሆነ። ማታ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን፤ እናትና ልጅ አልተያዩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አማቴ ልብሳቸውን አጣጥፈው በነጠላ ይጠቀልላሉ። አዲስ አበባ ያለች የእህታቸው ልጅ ዘንድ አድረው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው። "የሰኞው ቀጠሮስ?" ስላቸው "በቃኝ፣ አያለሁ እኮ" አሉኝ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አሰሩት፣ ሁለት ጊዜ ተፈታባቸው።

ወደ ኋላ ግቢ ሄድኩ። ባለቤቴ አጣናው ላይ መረቡን እየወጠረ ሽቦ በፒንሳ ያጠማዝዛል።

"እኔ ነኝ ያወጣኋቸው" አልኩት።

ፒንሳው ቆመ። ፊቱን ግን አላዞረም።

"እማማ ተዪ ነው ያሉኝ። አካኮም ሰማዩ ጠቁሯል ብለውኛል። አንሶላ ከላይ ያሰርኩትም እኔ ነኝ፣ እሱ ነው ያስደነበራቸው። እሳቸው የገቡት ሊረዱኝ ነው። እሳቸው ባይገቡ ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር።"

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔን?"

እሱን ብቻ አልነበረም። "ዓምና ጉድጓዱን ቆፍረህ ስትገባ የነበረውን ፊትህን" አልኩት።

ፒንሳውን አጣናው ላይ አንጠልጥሎ በአጠገቤ አልፎ ወደ ቤት ገባ። አልተከተልኩትም። በመስኮቱ የእሱን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የእናቱን፣ ከዚያ ምንም። ቆይቼ ስገባ ቋጠሮው ተፈትቶ ልብሱ አልጋው ላይ ተበትኗል፣ እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱ እናቱ ጉልበት አጠገብ ነው። ከእኔ ጋር እስከ ማታ አንድ ቃል አልተነጋገረም። ማታ "ነገ አንቺ ወደ ሐኪም ውሰጃት" አለኝ።

ሰኞ ሐኪሙ ዓይናቸውን በመሣሪያው ሲያይ ቆሜ ፊቱን እከታተል ነበር። በመጨረሻ ቁስሉ እንዳልተከፈተ፣ ግን መቆጣቱን ነገረን፤ ሌላ ጠብታ አዘዘና አንድ ወር ጨመረባቸው። ወደ ቡራዩ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"እማማ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?" አልኳቸው።

ስለ ምን እንደምጠይቅ አልጠየቁኝም። "እኔ እናቱ ነኝ" አሉ። "እኔን ቢያኮርፈኝ ሁለት ቀን ነው፣ የትም አይሄድ። አንቺን ሲያኮርፍ ግን ሱሉልታ አለለት።"

ደስ አላለኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ትዳራችን በአምስት ጫጩት የሚናጋ ሆኖ ታይቷቸዋል ማለት ነው፤ ምን አይተው ይሆን ብዬ እስከ ቤት ድረስ አሰብኩ። እጃቸውን ግን ጉልበቴ ላይ አድርገው ነበር፣ እኔም አላነሳሁትም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችንም ባለንበት እንደገና አወጣናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ባለቤቴ በስልክ ባለኝ መሠረት መኖ በሰጠኋቸው ቁጥር የወተት ጣሳ እያንኳኳሁ ድምፁን አስለመድኳቸው። መረቡ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። ሰማዩን በየደቂቃው ነበር የማየው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከትንሿ ቤት በር ላይ ጣሳውን ሲያንኳኳ ግማሹ ቀና ብለው እየሮጡ ሄዱ፤ የቀሩትን ቀስ ብለን ነዳናቸው። የመጨረሻዋ፣ ጀርባዋ ላይ አዲስ ላባ ያበቀለችው ናት፤ አማቴ በዱላቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጓት ጣውላውን ወጥታ ገባች። አርባ ሦስቱንም ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ባለቤቴ በሩን ሲዘጋ "ገቡ" አለኝ፣ እኔም "ገቡ" አልኩት። ውስጥ ያለው ጫጫታ እስኪበርድ ድረስ ግን ከበሩ አልራቅኩም።